በልኩ የተተወ ባዶ ቦታ

ጥቅምት 6 ቀን

ይድረስ ለአክስቴ፣

እጅዎ ከመቀስ፣ አፍዎ ከቀልድ እንዳይለይ እየተመኘሁ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤውን ገና ሳይከፍቱት «ይቺ ልጅ ደግሞ ምን ፈለገች?» እንዳሉ አውቃለሁ። ገንዘብ አልፈለግሁም። ዛሬ የምፈልገው የጋሼን ዓይን ብቻ ነው።

ከደብዳቤው ጋር በመጣው የካርቶን ቱቦ ውስጥ ፖስተር አለ። የማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ጽፎልኝ ነበር። ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩበት የሥዕል ክፍል ታድሶ በስማቸው ሊጠራ ነው፤ በሚመረቅበት ቀን መግቢያው ላይ የሚሰቀል የክብር ፖስተር እንድሠራ ጠየቀኝ። ለማሰብ ጊዜ አልወሰድኩም። የዚያ ክፍል ጠረጴዛ ሥር ቁራጭ ወረቀት እየለቀምኩ ያደግሁት እኔ እያለሁ ለሌላ ለማን ሊሰጥ ነው? አንድ ነገር ግን አስረግጬ ነግሬዋለሁ፤ ጋሼ ራሳቸው አይተው «ይታተም» ካላሉ ማሽን ውስጥ አይገባም ብዬዋለሁ። እሱም ተስማምቷል።

እርስዎ ከታላቅ ወንድምዎ ጋር አንድ ቤት ስለሚኖሩ ጠባያቸውን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ጋሼ የሰው ሥራ ሲያዩ «ጥሩ ነው» አይሉም፣ «መጥፎ ነው»ም አይሉም። ወይ «ይህን አንሺ» ይላሉ፣ ወይ «ይታተም» ይላሉ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ «ይህን አንሺ» ስባል ነው የኖርኩት። ዛሬ በሰው አገር የመድኃኒት ማሸጊያ ንድፍ እሠራለሁ፤ አለቆቼ ያጨበጭቡልኛል፤ ሽልማት ነው የተባለ የመስታወት ነገርም መደርደሪያዬ ላይ ቆሟል። ያቺን አንዲት ቃል ግን እስካሁን አላገኘኋትም። በዚህ ፖስተር ላገኛት ቆርጬ ተነሥቻለሁ።

በስልክ ፎቶውን ብልክ በቀለለኝ ነበር። ግን «መዳፍ በምታክል ነገር ላይ ፖስተር አይታይም» ብለው እንደሚያባርሩኝ ስለማውቅ በሙሉ መጠኑ አትሜ ልኬዋለሁ። ሲያሳዩአቸው እንዲህ ብለው ያስረዱልኝ። መሃል ላይ ያለው ትንሽ ሥዕል የክብሪቱ አውራ ዶሮ ነው፤ ራሱ ላይ ነበልባል ያለበት፣ እሳቸው ገና ወጣት እያሉ የሣሉት። ያስቀመጥኩት በክብሪቱ ቀፎ ላይ ባለው መጠኑ ነው። ማሳደግ አቅቶኝ አይደለም። የጋሼ ሥራ በሰው ኪስ ውስጥ የኖረ ሥራ ነው፤ ሰው ስማቸውን ሳያውቅ በየቀኑ ሲጨብጣቸው ኖሯል። ይህን ፖስተር ለማየት ሰው ጠጋ ማለት፣ ጎንበስም ማለት አለበት። ያ ጎንበስ ማለት ለእሳቸው እጅ መንሳት እንዲሆን ነው የፈለግሁት። ዙሪያውን የተውኩት ሰፊ ነጭ ደግሞ የእሳቸው ትምህርት ነው። እርሳስ ከማንሳታቸው በፊት «ይህን ነገር ማን ነው የሚይዘው? በየት በኩል ነው የሚይዘው?» ይሉ ነበር። የአውራ ጣት ማረፊያ ሳይተዉ የሠሩት አንድ መጠቅለያ የለም።

ምረቃው ሚያዝያ መጨረሻ ነው። ጊዜ ስላለን አይቸኩሉ፤ በደህና ቀን፣ በደህና ብርሃን ያሳዩልኝ።

የታናሽ ወንድምዎ ልጅ፣
ሚጢ


ኅዳር 4 ቀን

ለሚጢ፣

ሰላምሽ ይብዛ፤ የሠራሽው ይቃናልሽ፤ ክፉ ዓይን አይይሽ። እኔ ደህና ነኝ። የስፌት መኪናዬ ደግሞ ከእኔም የተሻለች ደህና ናት፤ ትናንት ዘይት ጠጥታ ስታበቃ እንደ ወጣት ነው የምትሮጠው።

ፖስተርሽ ደረሰኝ። እንዴት ያለ ወረቀት ነው! ያን ሁሉ ነጭ ሳየው ግን «እዚያ አገር ወረቀት በነጻ ነው እንዴ የሚታደለው?» አልኩ። ለስፌት የተተወ ትርፍ መሰለኝና ዙሪያውን በመቀስ አስተካከልኩት። ዶሮውም ከባለሱቁ ባገኘሁት ፍሬም ውስጥ ልክክ ብሎ ገባልሽ። የተረፈውን ነጭ አልጣልኩትም፤ ለአንገትጌ ልክ ማውጫ ይሆነኛል።

ለወንድሜም አሳየሁት። ያልሽውን ሁሉ፣ የኪሱንም የአውራ ጣቱንም፣ አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። ፍሬሙን በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ቆየ። ከዚያ «ጥሩ ነው» አለ። እንግዲህ ደስ ይበልሽ!

ጋሼሽ ደህና ነው። ጡረታ ትንሽ ኩራት ሳያስተምረው አልቀረም። ሰው ሲያናግረው ፊቱን ዘወር አድርጎ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ነው የሚመልስለት። ባለሱቁ «ምን አስቀየምኳቸው?» ብሎ ቤት ድረስ መጥቶ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? የእኛ ቤት ሰው ሲያረጅ እንዲህ ያደርገዋል ብዬ ሸኘሁት።

አክስትሽ


ኅዳር 23 ቀን

ይድረስ ለአክስቴ፣

ጤናዎ ይብዛልኝ። ቁጣዬ እንዳይበዛብዎ ደግሞ አደር ብዬ ነው የምጽፍልዎ።

የጋሼን ፖስተር እንደ ቀሚስ ጫፍ ቆረጡት! ለሥራ ባልደረቦቼ ስነግራቸው አንዷ ከወንበሯ ልትወድቅ ነበር። እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ፤ ኋላ ግን አንጀቴ አረረ። አክስቴ፣ ያ ነጭ ትርፍ አይደለም። እርስዎ ቀሚስ ሲሰፉ ብብት ሥር ክንድ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ይተዉ የለም? ጨርቅ ለመቆጠብ ብለው ቢያጠቡት ሴትዮዋ እጇን ማንሳት ትችላለች? የእኔም ነጭ እንደዚያው ነው። ዓይን የሚንቀሳቀስበት ቦታ ነው።

የመቀሱንስ ይሁን ብያለሁ። ያንገበገበኝ «ጥሩ ነው» የሚለው ነው። ጋሼ «ጥሩ ነው» የሚሉት ለማን እንደሆነ ረሱት? ደንበኛ ልጁ የሞነጫጨረውን ይዞ ሲመጣ፣ ልጁ እንዳይከፋው ብለው ነው። እንግዲህ ወይ አላዩትም፣ ወይ ደግሞ እኔን እንደ ባለሙያ መቁጠር ትተዋል። ሁለቱንም አልቀበልም።

ስለዚህ ሌላ ልኬያለሁ። ይህ በእርስዎና በእኔ መካከል ይቅር፤ በዚህኛው ጽሑፉ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ዶሮው ግን ተገልብጦ እግሮቹን ወደ ላይ ሰቅሏል። ሆን ብዬ ነው። ምንም ሳይናገሩ ያሳዩአቸውና የሚሉትን እንዳለ ይጻፉልኝ። «ወረቀቱን ቀድደሽ ፊቷ ላይ ወርውሪላት» ቢሉ እንኳ ደስታውን አልችለውም። መቀስዎን ደግሞ እባክዎ ይቆልፉበት።

ሚጢ


ጥር 8 ቀን

ለሚጢ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ጤና ይስጥሽ፤ ከፊትሽ ያለው መንገድ የቀና ይሁን። ስለዘገየሁብሽ አትቀየሚኝ። የሆስፒታል ሠራተኞች ጋውን ተረክቤ ቤቱ ሁሉ ነጭ በነጭ ሆኖ ነበር የከረመው።

ፖስተሩን አሳይቼዋለሁ። ስለ እሱ በኋላ እናወራለን። አሁን የምልሽን ስሚኝ። ዶሮው በጣም አንሷል፤ አሳድጊው። ካሳደግሽው በኋላም እንደገና አሳድጊው። ጽሑፉ ይወፍር፣ ይጥቆር። ግራጫ የሚባል ነገር ዓይኔ እንዳያይ። ነጩንም ተዪውና እንደ እንቁላል አስኳል ያለ ቢጫ አድርጊልኝ። ያቺ ከሥር የጻፍሻት ቀጭን ጽሑፍ ደግሞ ለጉንዳን ካልሆነ ለማን እንደተጻፈች እንጃ፤ አንሻት።

ለምን አትበይኝ። እኔም ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ደንበኛ አስፊልኝ ሲለኝ አሰፋለታለሁ እንጂ አልፈላሰፍበትም።

ጋሼሽ ሰላም ይልሻል። ሰሞኑን ሬዲዮ ነው ጓደኛው። እርሳሶቹን ጠርቦ ጠርቦ መስኮቱ ላይ ደርድሯቸዋል፣ አንዱንም ግን አያነሣም። ደብዳቤሽን የማነብለት እኔ ነኝ፤ ድምፅሽን ስለምወደው ነው ይለኛል። በዚህ ዕድሜዬ ድምፄን የሚወድ ሰው አገኘሁ!

አክስትሽ


ጥር 25 ቀን

ይድረስ ለአክስቴ፣

ሰላም ለእርስዎ፣ ሰላም ለቤቱ።

አንድ ጥያቄ ጠይቄ የትእዛዝ መዓት ተቀበልኩ። ዶሮው ተገልብጦ ጋሼ ምን አሉ? ይህን ብቻ ነበር የጠየቅሁት፤ እርስዎ ግን በእንቁላል አስኳል ዞሩኝ።

አክስቴ፣ በሥራዬ አልኩራራም ብል ሐሰት ነው። እያንዳንዷን ነገር ያስቀመጥኩት በምክንያት ነው፤ ማንም «አሳድጊ» ስላለኝ አላሳድግም። እዚህ ያሉ ደንበኞች ሲሉኝም የምመልስላቸው ጋሼ ያስተማሩኝን ነው። ማን ነው የሚያየው? ከየት ሆኖ ነው የሚያየው? ለዚህ መልስ ያለው ሰው ቤት የሚያህል ዶሮ ቢያሠራኝ ደስ ብሎኝ እሠራለታለሁ። እስቲ እርስዎም ይመልሱልኝ፤ ለማን ነው የማሳድገው?

ምረቃው እየቀረበ ነው፤ እኔ ደግሞ ቃሌን አላጥፍም። ጋሼ «ይታተም» ካላሉ ግድግዳው ባዶውን ይመረቃል።

ሚጢ


የካቲት 13 ቀን

ሚጢ ልጄ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ተቀምጠሽ አንብቢው።

ለማን ነው የማሳድገው አልሽኝ። ለእሱ ነው።

ያን የተገለበጠ ዶሮሽን ፊቱ ዘርግቼ ያዝኩለት። እንደ ልማዱ ወደ ግድግዳው ዞር ብሎ «ጥሩ ነው» አለ።

«ወንድማለም፣ ዶሮው እንዴት ነው የቆመው?» አልኩት።

እጁን ዘርግቶ የወረቀቱን ጠርዝ ዳሰሰ።

«ቆሟል ወይ?»

«ቁጭ በይ» አለኝ። ቁጭ አልኩ።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ነው። የሚያየው ነገር መሃሉ ጠፍቶበታል። ሳህን ሲቀርብለት ጠርዙን ያያል፣ ውስጡን አያይም። እኔን ሲያይ ጆሮዬንና ትከሻዬን ነው የሚያየው፤ ፊቴ የለም። እኛ ኮራብን የምንለው ሰውዬ ለካ ፊቱን የሚያዞረው በዓይኑ ዳር ሊያየን ነው። ይዤው ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። መሃሉ አይመለስም፣ ዳሩ ግን አብሮት ይኖራል አሉን። ለአንቺ ትንፍሽ እንዳልል አስማለኝ። «ካወቀች እያዘነች ትሠራዋለች፤ እያዘኑ የሠሩት ሥራ ደግሞ ይበላሻል» አለ። በስልክ እንዳልነግርሽ አጠገቤ ነው የሚቀመጠው፤ ጆሮው እንደሆነ ምንም አልሆነም። መሐላዬን ሳላፈርስ ላሠራሽ ብዬ ነው በአስኳል የዞርኩሽ። አሁን አፍርሼዋለሁ፤ በእኔ ይሁን።

እንዳታለቅሺ። የጻፍኩልሽ ለሥራ ነው። ከፖስተርሽ ላይ የቆረጥኩትን ነጭ ታስታውሺው የለ? መልሼ ገጣጥሜ ሰፋሁት፤ መሃሉን በሌላ ወረቀት ደፈንኩና በፖስተርሽ ልክ አድርጌ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ወንበር ፊት ለፊቱ አስቀምጬ የወንበሩን እግሮች ቦታ ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግሁባቸው። ወንድሜን አስቀመጥኩና «መሃሉን ቀጥ ብለህ እይ» አልኩት። ከዚያ ትልቅ ጥቁር የካፖርት ቁልፍ ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ አስሬ ከዳር ወደ መሃል ቀስ እያልኩ ገፋሁ።

«አለ» ይለኛል። «አለ፣ አለ… ጠፋ።»

በጠፋበት ቦታ ስፒል እሰካለሁ። ደግሞ ከሌላ በኩል እጀምራለሁ።

«ለመሆኑ ምን ልትሰፊ ነው?» አለኝ።

«ልክ የሚወሰድለት ሰው አይንቀሳቀስም፣ አያወራምም» አልኩት።

ዙሪያውን ከጨረስን በኋላ ስፒሎቹን እየነቀልኩ በቦታቸው ቀይ ክር ሰፋሁበት። ቅርፁ እንደ ባቄላ ያለ ሆኖ ወጣ። ወረቀቱ ይኸው፣ በቱቦው ውስጥ አለልሽ። ከክሩ ውስጥ ያስቀመጥሽው ሁሉ ለእሱ የለም። ከክሩ ውጭ ያለው፣ ትልቅና ጥቁር ከሆነ፣ አለ። ዕድሜዬን ሙሉ ልክ ስወስድ ኖሬያለሁ፤ እንደዚህ ተጠንቅቄ የወሰድኩት ግን የለም። ልኩ ይኸውልሽ፣ በልኩ ስፊለት።

አክስትሽ


መጋቢት 5 ቀን

ይድረስ ለአክስቴ፣

እጅዎን እስማለሁ፤ ሁለቱንም።

አላለቀስኩም ብል አያምኑኝም። አለቀስኩ፤ ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ቀዩን ክር ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁት። ጋሼ እውነታቸውን ነው፣ እያዘኑ የሠሩት ሥራ ይበላሻል። ስለዚህ እየሠራሁ ሳለ አላዘንኩም። እውነቱን ልንገርዎና ደስ ብሎኝ ነው የሠራሁት። እንዲህ ያለ ልክ ተይዞለት የመጣ ሥራ አጋጥሞኝ አያውቅም።

የፊተኛው ፖስተሬ ቆንጆ ነበር፣ ግን ለሌላ ሰው ነበር። ማን እንደሚያየው ጠይቄ አላበቃሁም። አሁን ጠይቄ አብቅቻለሁና እያንዳንዱን ነገር ለምን እንዳደረግሁት ልንገርዎ።

ዶሮው አንድ ነው፣ ወረቀቱንም ሙሉ ይዞታል። ራሱና ነበልባሉ በግራ ከላይ ናቸው። ጀርባው የላይኛውን ጠርዝ ይዞ ይሄድና ጅራቱ በቀኝ በኩል ይወርዳል። ደረቱ በግራ ይወርዳል፣ እግሮቹ ከታች ይራመዳሉ። ሆዱ ባዶ ነው። የሆዱ መስመር የእርስዎ ቀይ ክር ነው፤ ስፌትዎ በሄደበት ሄድኩ፣ አንዲት ጥምዝ እንኳ አላረምኩም። ከመስመሩ ውስጥ ነጥብ የምታክል ነገር የለችም።

መደቡ ቢጫ ነው፤ አስኳልዎ አሸንፏል። ዶሮው ጥቁር ነው። ግራጫ የለም፣ የጉንዳኗ ጽሑፍም ተባራለች። የቀረው ጽሑፍ ስማቸው ብቻ ነው፣ ከታች በቀኝ በኩል፣ እሳቸው ለሳሙናው መጠቅለያ በሣሉት ፊደል። ያን ፊደል በዓይናቸው ዳር ቢያዩትም እጃቸው ያውቀዋል።

ሥራ አስኪያጁ «ሌላው ሰው መሃሉን ባዶ አይቶ ምን ይላል?» ብሎ ጽፎልኛል። የፈለገውን ይበል። ይህ ሰው ሁሉ መሃሉ ላይ አንድ ነገር የሚጎድልበት፣ እሳቸው ብቻ ምንም የማይጎድልባቸው ወረቀት ነው። እንዲህ ያለ አንድ ወረቀት በዓለም ላይ ቢኖር ምን አለበት?

ከጠመኔው ምልክት ላይ ያስቀምጧቸው። ምንም አይንገሯቸው። ካልታያቸው እንደገና እሠራለሁ፤ ገና ጉልበት አለኝ። «ጥሩ ነው» ካሉ ግን አይጻፉልኝ፣ ቆርጠው ለአንገትጌ ያድርጉት።

ሚጢ


መጋቢት 26 ቀን

ለሚጢዬ፣

የልብሽ ይድረስልሽ፤ ጣትሽን ክፉ አይንካው። እኔ ደህና ነኝ፣ ከደህናም በላይ ነኝ።

መቀሱን ጎረቤት አስቀምጬ ነው ቱቦውን የከፈትኩት። ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት፣ ወንበሩን ጠመኔው ላይ አቆምኩት፣ ወንድሜን እጁን ይዤ አመጣሁት።

«ደግሞ ልክ ልትወስጂ ነው?» አለኝ።

«መሃሉን እይ፣ ሌላ አይመለከትህም» አልኩት።

እንደ ልማዱ ፊቱን ወደ ጎን ሊያዞር ጀመረ። ከዚያ መልሶ አመጣው። ሚጢ፣ ቀጥ ብሎ ፊት ለፊት አየ። ፊቱን እንዲያ ቀና አድርጎ ካየሁት ስንት ጊዜ ሆኖኛል! ቅንድቡ ተነሣ። እጁ ጉልበቱ ላይ መሄድ ጀመረ፣ መስመሩን በጣቱ የሚከተል ይመስል።

«ዶሮዬ ነው» አለ።

«ነበልባሉ… አዎ። ጅራቱን አወፈረችው። ሙሉውን ነው እንዴ የሣለችው?»

«ምን ጎደለ?» አልኩት።

«ምንም አልጎደለም» አለ። ያቺን «ጥሩ ነው» አሁን ይላታል ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን ግንባሩን ቋጥሮ፣ በድሮው ድምፁ፣ በማተሚያ ቤቱ ድምፁ፣ «ታች በግራ በኩል» አለኝ። «የፊተኛው እግሩ ጥፍር ጠርዙን ነክቷል። ወረቀቱ ሲቆረጥ አብሮ ይሄዳል። ይህን አንሺ በያት።»

ቤቱን በሳቅ አናጋሁት። እንባዬም አብሮ ወረደ፤ የትኛው እንደቀደመ እንጃ። ሄጄ አየሁት፣ እውነትም ነክቷል። እኔ ሁለት ደህና ዓይን ይዤ ስሰቅለው አላየሁትም።

«ምን ሆንሽ?» አለኝ።

«ሥራዋን ስትነቅፍ ሰምቼ ደስ አለኝ» አልኩት።

ያኔ ገባው። «ልኩ ለዚህ ነበር» አለ።

«ለዚህ ነበር።»

«መሐላሽን በላሽው።»

«በላሁት፤ ጣፈጠኝም» አልኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን ወደ ፖስተሩ መልሶ አየና «ማን እንደሚያየው ጠየቀች ማለት ነው» አለ።

ማምሻውን ባለሱቁ መጣ። ነገሩን ራሱ ወንድሜ ነገረው፤ «ፊቴን ባዞርብህ ልይህ ብዬ ነው» አለው። አሁን ባለሱቁ ሲመጣ በጎኑ በኩል ነው የሚቀመጥለት።

ከመስኮቱ እርሳስ አምጪልኝ ሲለኝ አንዱን ወፍራም አመጣሁለት። ፖስተርሽን አውርጄ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። እጁን አልያዝኩትም፣ የሚጽፍበትንም አላሳየሁትም። ጠርዙን በግራ ጣቱ እየዳሰሰ ሄዶ ታች ጥጉ ላይ ጻፈ። መስመሩ ትንሽ ወደ ላይ ወጥቶበታል፤ እጁ ግን ያው የራሱ እጅ ነው። ወረቀቱን መልሼ ልኬልሻለሁ፣ ዳሩንም አልነካሁትም። ቱቦው ቢዘገይብሽ ብዬ የጻፈውን እዚህ ገልብጬልሻለሁ፦

«ጥፍሩ ገባ ይበል። ከዚያ ይታተም።»

አክስትሽ